የለይላና የመጅኑን ሦስት መልኮች፦ የግጥም ንጽጽር መጣጥፍ እንዴት ይዋቀራል?

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎች ለተማሪዎች ከሚሰጡት የጽሑፍ ሥራዎች መካከል እንደ ንጽጽር መጣጥፍ ቀላል መስሎ የሚያስቸግር ጥቂት ነው። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፤ አንድን ግጥም ከሌላ ግጥም ወይም ከእርሱ ጋር ከሚዛመድ ተውኔትና ትረካ ጋር አነጻጽር ይላል። ተማሪውም ሥራዎቹን በሚገባ ያነባል፣ ስለ እያንዳንዳቸው የሚያውቀውን ይጽፋል፣ በመካከላቸውም «በአንጻሩ» የሚለውን ቃል ያኖራል። ውጤቱ ግን ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ማጠቃለያዎች ይሆናል። ሥራዎቹ በአንድ ወረቀት ላይ ይገናኛሉ እንጂ አይነጋገሩም።

ችግሩ የዕውቀት ማነስ ሳይሆን የአወቃቀር ነው። አወቃቀር ደግሞ ከሚጻፍበት ጉዳይ ተለይቶ ሊሸመደድ የሚችል ደረቅ ቅርጽ ስላልሆነ፣ በአንድ በሚታወቅ ምሳሌ ላይ ተመርኩዞ መመልከቱ ይበጃል። ለዚህም የለይላና የመጅኑን ታሪክ የተመቸ ነው። ከዐረብ በረሃ ተነሥቶ በፋርስኛ፣ በቱርክኛ፣ በኡርዱና በሌሎችም ቋንቋዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ደጋግሞ የተጻፈ፣ ከግጥም ወደ ተውኔት፣ ከተውኔት ወደ ኦፔራ የተሻገረ ታሪክ ነው። ስለዚህ አንድ ግጥም ከተዛማጅ ጽሑፎች ጋር ሲነጻጸር የሚነሡት ጥያቄዎች ሁሉ በእርሱ ላይ ይነሣሉ።

አንድ ታሪክ፣ ብዙ ጽሑፎች

የታሪኩ ባለቤት ቀይስ ኢብን አል-ሙለወህ ይባላል። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በነጅድ ምድር፣ በበኑ ዓሚር ጎሣ ውስጥ እንደ ኖረ ይነገራል። የጎሣውን ልጅ ለይላን ወደደ፤ ስሟንም እየጠራ ገጠመላት። በዚያ ማኅበረሰብ ዘንድ የአንዲት ልጃገረድ ስም በፍቅር ግጥም በአደባባይ መነሣቱ ለቤተሰቧ ነውር ነበርና አባቷ ለቀይስ ሊድራት አልፈቀደም። ለሌላ ሰው ተዳረች፤ ቀይስም አእምሮውን ስቶ በበረሃ ከአራዊት ጋር ተንከራተተ። «መጅኑን» ማለት ጂን የያዘው፣ ያበደ ማለት ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ወጣቱን ከወዳጁ የለየው ድህነት ወይም የጎሣ ጠብ ሳይሆን ራሱ ግጥሙ መሆኑ ነው። ስለ ግጥም ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የበለጠ መነሻ አይገኝም።

ቀይስ የሚባል ሰው በእርግጥ ኖሮ ነበርን? ጥርጣሬው የቆየ ነው። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው አቡል ፈረጅ አል-ኢስፋሃኒ «ኪታብ አል-አጋኒ» ማለትም «የዜማዎች መጽሐፍ» በተባለው ግዙፍ ስብስቡ ውስጥ ስለ መጅኑን ረዘም ያለ ክፍል አስቀምጧል። አሰባሳቢው እያንዳንዱን ወሬ ከማን እንደ ሰማ፣ ያ ሰው ደግሞ ከማን እንደ ሰማ እየዘረዘረ ያቀርባል። ከዘረዘራቸውም መካከል መጅኑን የሚባል ሰው ጨርሶ አልነበረም የሚሉ ይገኙበታል። እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ወሬዎችን አንዱን በሌላው ሳይሽር ጎን ለጎን ያስቀምጣል። በእርሱ ዘንድ ታሪኩ ገና አንድ ወጥ ትረካ አልሆነም፤ በግጥም የተደገፈ የምስክርነት ክምር ነው።

ክምሩን ወደ አንድ ሕንፃ የለወጠው ኒዛሚ ጋንጃዊ ነው። በካውካሰስ በምትገኘው በጋንጃ ከተማ የኖረው ይህ ባለቅኔ፣ የሸርዋን ገዥ የነበረው አህሲታን ታሪኩን በፋርስኛ እንዲገጥምለት በጠየቀው ጊዜ መጀመሪያ አመንትቶ እንደ ነበር በሥራው መግቢያ ላይ ይናገራል። የአትክልት ቦታ፣ የንጉሥ ግብዣ፣ ወይን የሌለበት፣ አሸዋና ድንጋይ ብቻ ያለበት ታሪክ ለግጥም ጌጥ የማይመች መስሎት ነበር። ልጁ መሐመድ አበረታታውና ሥራውን ጀመረ፤ በ1188 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከ4,000 በላይ ባለ ሁለት ስንኝ ቤቶችን ከአራት ወር ባነሰ ጊዜ ፈጸመ። በሥራውም ሁለቱን ልጆች በትምህርት ቤት አገናኛቸው፣ ለይላን ያገባውን ሰው ኢብን ሰላም ብሎ ሰየመው፣ መጅኑንን በአራዊት መካከል እንደ ንጉሥ አስቀመጠው፣ ሁለቱንም በአንድ መቃብር አሳረፋቸው። ዛሬ ብዙው ዓለም «ለይላና መጅኑን» ሲል የሚያስበው ይህንን የኒዛሚን መልክ ነው።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ሰልፍ ረጅም ነው። የዴልሂው አሚር ኹስረው በ1299፣ የሄራቱ ጃሚ በ1484 በፋርስኛ ጻፉት፤ ፉዙሊም በ1530ዎቹ በባግዳድ ሆኖ በቱርክኛ ገጠመው። የፉዙሊን ግጥም መሠረት ያደረገው የኡዜይር ሃጂቤዮቭ ኦፔራ በ1908 በባኩ መድረክ ላይ ቀረበ። ግብፃዊው አህመድ ሸውቂ በ1931 «መጅኑን ለይላ» የተባለውን በግጥም የተጻፈ ተውኔቱን አቀረበ። የእንግሊዙ ጊታር ተጫዋች ኤሪክ ክላፕተን እንኳ በ1970 ላወጣው ዝነኛ ዘፈን ስሙን የወሰደው ከዚሁ ታሪክ ነው።

ምርጫው ራሱ ክርክር ነው

ተማሪው ይህን ሁሉ ካወቀ በኋላ የመጀመሪያው ፈተና ሁሉንም ለማካተት ያለው ጉጉት ነው። ስምንት ሥራ በአንድ መጣጥፍ ውስጥ የሚያሰልፍ ሰው ዝርዝር ይጽፋል እንጂ አያነጻጽርም። ሁለት ሥራ በቂ ነው፤ ሦስት ደግሞ በጥንቃቄ ይቻላል። የተመረጡት ሥራዎችም ስለምን እንደ ተመረጡ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር መቻል አለበት። «ዝነኛ ስለሆኑ» የሚለው መልስ አይበቃም።

ለዚህ ማብራሪያ ሦስቱ ይያዙ፤ «ኪታብ አል-አጋኒ»፣ የኒዛሚ ግጥምና የሸውቂ ተውኔት። ምክንያቱም ሦስቱ በቅርጽ ይለያያሉ። አንዱ በግጥም የታጀበ የዝርው ወሬ ስብስብ፣ አንዱ ረጅም የትረካ ግጥም፣ አንዱ ለመድረክ የተጻፈ የግጥም ተውኔት ነው። አንድ ታሪክ በሦስት ቅርጾች ሲነገር፣ ልዩነቱ የቅርጹ ነው ወይስ የደራሲው ሐሳብ የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይነሣል። ይህ ጥያቄ ነው መጣጥፉን ከማጠቃለያ የሚያድነው።

ቀጥሎ የማነጻጸሪያው ዐይነት መታወቅ አለበት። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የፈረንሳይ ሊቃውንት የንጽጽር ሥነ ጽሑፍ ሥራ በሥራዎች መካከል የነበረውን ግንኙነት መከታተል ነው ይሉ ነበር፤ ማን ማንን አነበበ፣ በየትኛው ትርጉም፣ በየትኛው ዓመት የሚለውን በማስረጃ ማሳየት ማለት ነው። ሬኔ ዌሌክ በ1958 በአሜሪካ ቻፕል ሂል በተካሄደ ጉባኤ ላይ ይህን አካሄድ በብርቱ ነቀፈ። ሥነ ጽሑፍን እንደ ንግድ ሸቀጥ ከድንበር ወደ ድንበር መቁጠር ሥራዎቹን ራሳቸውን ማንበብን አስረስቷል ነው የክርክሩ ፍሬ ነገር። ከዚያ ወዲህ ግንኙነት የሌላቸውን ሥራዎች ማነጻጸርም ተገቢ ሆኖ ተቆጥሯል። ነገር ግን ተማሪው ከሁለቱ የትኛውን እንደሚሠራ ማወቅ ይኖርበታል።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ልዩነት በቅርብ ምሳሌ ይገለጻል። ኒዛሚን ያነበበ ኢትዮጵያዊ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ማስታወሱ አይቀርም። በዚያም ፍቅር የሚጸነሰው በትምህርት መካከል ነው፤ በዛብህ ለሰብለ ወንጌል አስተማሪ ሆኖ ይገባል፣ አባት በመካከል ይቆማል፣ የልቦለዱ ስምም መቃብርን ይጠራል። መመሳሰሉ ያጓጓል። ሆኖም አንዱ ከሌላው ወሰደ ብሎ ለመጻፍ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይደለም። ይልቁንም ትርፉ ያለው በልዩነቱ ነው። ፊታውራሪ መሸሻን የሚያስቆጣው የዘር ሐረግና የማዕረግ ነገር ሲሆን፣ የለይላን አባት የሚያስፈራው ሰው አፍ ውስጥ የገባ ስም ነው። ሁለት አባቶች ለምን በተለያየ ምክንያት አንድ ዐይነት በር ዘጉ የሚለው ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ራሱን የቻለ መጣጥፍም ይወጣዋል። በሦስቱ የመጅኑን ሥራዎች ግን ግንኙነቱ የተረጋገጠ ነው። ኒዛሚ የዐረብኛውን ወሬ መሠረት አድርጓል፤ ሸውቂም ወደዚያው የዐረብኛ ምንጭ ተመልሷል። ስለዚህ ክርክሩ አንድ የተወረሰ ነገር በወራሾቹ እጅ ምን ሆነ የሚል ይሆናል።

ከርእስ ወደ ጥያቄ፣ ከጥያቄ ወደ መከራከሪያ

«ፍቅር በሦስቱ ሥራዎች» ርእስ ነው፤ ጥያቄ አይደለም። ፍቅር በሦስቱም አለ፤ ከዚያስ? ብዙ መጣጥፎች የሚሰናከሉት እዚህ ነው። ርእሱ በጣም ሰፊ ስለሆነ ጸሐፊው ያገኘውን ሁሉ ያስገባል፤ የሚቀረውን የሚወስንበት ሚዛን የለውም። ጥያቄው ጠባብ ሲሆን ግን ሥራዎቹ ራሳቸው መናገር ይጀምራሉ። ለምሳሌ «በእያንዳንዱ ሥራ ውስጥ የለይላን ዕጣ የሚወስነው ማን ነው? እርሷስ በራሷ አፍ ምን ትላለች?» ተብሎ ይጠየቅ።

በዚህ ጥያቄ ሥራዎቹን ደግሞ ያነበበ ሰው ብዙ ያገኛል። በ«አጋኒ» ውስጥ ለይላ ጥቂት ስንኞች ቢነገሩላትም፣ በአብዛኛው የምትታወቀው ሌሎች ስለ እርሷ በሚናገሩት ነው። በኒዛሚ ዘንድ ሁኔታው ይለወጣል። ለይላ ራሷ ግጥም ትገጥማለች፣ ግጥሟንም ለአላፊ አግዳሚ ታቀብላለች፣ ደብዳቤ ትጽፋለች። ካገባች በኋላ ባሏን ኢብን ሰላምን ወደ እርሷ እንዳይቀርብ ትከለክለዋለች። ወደ ሥራው መጨረሻ አካባቢ ከመጅኑን ጋር የመገናኘት ዕድል ስታገኝ ግን አሥር እርምጃ ያህል ርቃ ትቆማለች፤ ከዚያ ወዲያ አትሻገርም። በሸውቂ ተውኔት ደግሞ የማይጠበቅ ነገር ይሆናል። አባቷ ምርጫውን ለእርሷ ይተዋል፤ ቀይስን ወይስ ወርድ የተባለውን ጠያቂ? ለይላም ቀይስን እየወደደች ወርድን ትመርጣለች፤ የጎሣዋን ደንብና የቤተሰቧን ስም ብላ።

አሁን መከራከሪያ ሐሳብ ሊወለድ ይችላል። ደካማው መልክ ይህን ይመስላል፤ «በሦስቱ ሥራዎች ውስጥ የለይላ ገጸ ባሕርይ ተመሳሳይነትም ልዩነትም አለው።» ይህን ዓረፍተ ነገር የሚቃወም ሰው በዓለም ላይ የለም፤ ስለዚህ አንባቢው ቀጣዩን ገጽ የሚገልጥበት ምክንያት የለውም። ጠንካራው መልክ ግን እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ «ታሪኩ ከወሬ ወደ ትረካ፣ ከትረካ ወደ መድረክ በተሻገረ ቁጥር ለይላ ይበልጥ ትናገራለች፤ ነጻነቷ ግን አልጨመረም፤ በሸውቂ ዘንድ ደንቡ ከአባቷ አፍ ወጥቶ በራሷ አፍ ገባ እንጂ።» ይህ ሊከራከሩበት የሚቻል ነው። ሌላ አንባቢ ተነሥቶ በኒዛሚ ዘንድ አሥር እርምጃ ርቃ መቆሟም ያው ደንብ በውስጧ መኖሩን ያሳያል፤ ታዲያ ሸውቂ ምን አዲስ ነገር ጨመረ ሊል ይችላል። መልካም መጣጥፍ ይህን ተቃውሞ አይሸሽም፤ ራሱ አንሥቶ ይመልሳል። መልሱም ምናልባት በኒዛሚ ደንቡ እርምጃዋን ሲገታ በሸውቂ ግን ፍርዷን ይሰጣል የሚል ይሆናል፤ መከልከልና መምረጥ አንድ አይደሉምና።

ሁለቱ የታወቁ መንገዶችና ሦስተኛው

የመጣጥፉን ሰውነት ለማዋቀር ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው በሥራ መክፈል ነው፤ ስለ «አጋኒ» ተጽፎ ሲያበቃ ስለ ኒዛሚ፣ ከዚያም ስለ ሸውቂ ይጻፋል። ለአጭር መጣጥፍና በጊዜ ቅደም ተከተል ላይ ለቆመ ክርክር ይመቻል። አደጋው ቀደም ሲል የተጠቀሰው ነው፤ ሦስት የተለያዩ ድርሰቶች ተሰፍተው ይቀራሉ። ይህን የሚከላከለው፣ ሁለተኛው ክፍል ከተጀመረ በኋላ እያንዳንዱ አንቀጽ ወደ ቀደመው ሥራ ዞር ብሎ መመልከቱ ነው። ስለ ኒዛሚ የሚጻፈው ሁሉ «በአጋኒ ይህ እንዴት ነበር?» የሚለውን በውስጡ መያዝ አለበት።

ሁለተኛው በነጥብ መክፈል ነው። አንድ ንዑስ ጥያቄ ይነሣና ሦስቱም ሥራዎች በዚያው ስፍራ ይመረመራሉ፤ ቀጥሎ ሌላ ንዑስ ጥያቄ። በተያዘው ጉዳይ ነጥቦቹ ለይላ የምትናገረው ለማን ነው፣ በትዳሯ ላይ የሚወስነው ማን ነው፣ ሞቷ እንዴት ይተረካል የሚሉ ሊሆኑ ይችላሉ። መምህራን አብዛኛውን ጊዜ ይህን መንገድ ይመርጣሉ፤ ንጽጽሩ በእያንዳንዱ አንቀጽ ውስጥ በግድ እንዲፈጸም ያደርጋልና። ጉድለቱ ግን አንባቢውን ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው በየሦስት ዓረፍተ ነገሩ እያመላለሰ ማድከሙ ነው። ረጅም ግጥም የራሱ ትንፋሽ አለው፤ በየነጥቡ ተቆራርጦ ሲቀርብ ትንፋሹ ይጠፋል።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ እርሱም አንዱን ሥራ ማዕከል አድርጎ ሌሎቹን እንደ መነጽር መጠቀም ነው። ሦስት ሥራዎች እኩል ገጽ ይገባቸዋል የሚል ሕግ የለም። ከኒዛሚ ከአራት ሺህ የሚበልጡ ቤቶች ፊት «አጋኒ» የሚያቀርበው ወሬ በመጠን ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ኒዛሚ ምን እንደ ጨመረና ምን እንደ ተወ የሚታየው በእርሱ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ የኒዛሚን ግጥም ማዕከል አድርጎ የዐረብኛውን ወሬ ለማነጻጸሪያ፣ የሸውቂን ተውኔት ደግሞ ለመፈተኛ ቢጠቀም ከሁለቱ መንገዶች የተሻለ መጣጥፍ ሊጽፍ ይችላል። ይህ መንገድ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ብዙም ቦታ አለማግኘቱ ያስገርማል።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ታሪካዊው ዳራ የት ይግባ የሚለው ያስቸግራል። የኡመያዎች ዘመን፣ የሸርዋን ቤተ መንግሥት፣ የ1930ዎቹ ካይሮ ሁሉም በመግቢያው ላይ ቢደረደሩ አንባቢው ክርክሩን ሳያይ ይደክማል። ዳራው በሚያስፈልግበት አንቀጽ ውስጥ፣ በሚያስፈልገው መጠን ይግባ። የልጃገረድ ስም በግጥም መነሣት ነውር መሆኑ የሚነገረው አባቷ እምቢ ባለበት ቦታ እንጂ በመጀመሪያው ገጽ ላይ አይደለም።

ግጥሙ እንደ ግጥም

በብዙ የንጽጽር መጣጥፎች ውስጥ ግጥሙ ታሪክ እንደሚነግር ዝርው ጽሑፍ ተቆጥሮ ይታለፋል። ይህ ትልቁ ጥፋት ነው። እዚህ ላይ መዘግየት ያስፈልጋል።

የጥንቱ የዐረብኛ ግጥም እያንዳንዱ ቤት በሁለት ሐረግ ይከፈላል፤ ግጥሙ በሙሉ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ድምፅ ቤት ይመታል። በ«አጋኒ» ውስጥ እነዚህ ግጥሞች ብዙዎቹ ጥቂት ቤቶች ብቻ ያሏቸው ቁርጥራጮች ናቸው፤ የተናጋሪዎች ሰንሰለት ከፊታቸው ይቆማል፣ ግጥሙ እንደ ማስረጃ ይከተላል። ተናጋሪው ሰው ያየውንና የሰማውን ብቻ ነው የሚያወራው። ለይላ በድንኳኗ ውስጥ ብቻዋን ምን እንዳሰበች ማንም ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ የለይላ ዝምታ በከፊል የቅርጹ ዝምታ ነው።

ኒዛሚ የጻፈበት መስነዊ የሚባለው ቅርጽ ከዚህ የተለየ ነው። እያንዳንዱ ባለ ሁለት ስንኝ ቤት የራሱን ድምፅ ይዞ ይመታል፤ ቀጣዩ ቤት ሌላ ድምፅ ይይዛል። ገጣሚው በአንድ ድምፅ ስላልታሰረ በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶችን እየተረከ መሄድ ይችላል። ከዚህም በላይ ትረካውን የሚመራው ሁሉን የሚያውቅ ተራኪ ነው፤ ማንም ምስክር ወዳልገባበት ድንኳን ይገባል። ለይላ ደብዳቤ ስትጽፍ፣ ስታለቅስ፣ ከእናቷ ጋር ስትሆን የምናያት በዚህ ምክንያት ነው። ተውኔቱ ደግሞ ተራኪውን ያስወግደዋል። በመድረክ ላይ የቆመ ሁሉ ስለ ራሱ መናገር ግድ ይሆንበታል፤ የማይናገር ገጸ ባሕርይ የለም ማለት ይቻላል። ሸውቂ ስንኞቹን በተናጋሪዎች መካከል ይከፋፍላል፣ ምጣኔውንና ቤት መምቻውንም እንደ ትዕይንቱ ይለዋውጣል።

እንግዲህ ለይላ በሸውቂ ዘንድ ይበልጥ መናገሯ የዘመኑ አስተሳሰብ ውጤት ነው ብሎ የጻፈ ተማሪ ግማሹን ብቻ አይቷል። መናገሯን ቅርጹ አስገድዶታል፤ የምትናገረውን ግን ደራሲው መርጧል። አንቀጹም በዚህ ልዩነት ላይ ቢቆም መከራከሪያው ሥር ይይዛል። ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፤ «ተውኔት ለይላን ማናገሩ አይቀሬ ነው፤ እንድትመርጥ መጠየቁ ግን አይቀሬ አልነበረም። ሸውቂ አባትየውን እንደ ቀድሞው እምቢ ሊያሰኘው ይችል ነበር። ይልቁንም ከመንገዱ ላይ አነሣው፤ በዚህም ተመልካቹ የሚከስሰው ሌላ ሰው አጣ።» አንቀጹ አጭር ነው፤ ሆኖም ቅርጽንም፣ ሌላ ሊሆን ይችል የነበረውንም፣ የምርጫውን ውጤትም ይዟል።

የአማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ የራሱ መሣሪያ አለው። ቤት መምታትንና ቤት መድፋትን፣ የወል ቤትን ምጣኔ የሚያውቅ ሰው አንድ ድምፅ ለረጅም ጊዜ ሲመታ ጆሮ ላይ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ያንን ጆሮ ወደ ዐረብኛውና ወደ ፋርስኛው ቢወስደው አያፍርም።

የትርጉም ጉዳይ

ይሁን እንጂ አብዛኛው ተማሪ ሥራዎቹን የሚያነበው በትርጉም ነው፤ ይህም በመጣጥፉ ላይ ገደብ ያኖራል። የኒዛሚን ግጥም ጄምስ አትኪንሰን በ1836 አሳጥሮ በእንግሊዝኛ ግጥም አቅርቦታል፤ የሩዶልፍ ጌልፕከ ትርጉም ደግሞ በዝርው የተጻፈና ከዋናው የተቀነሰ ነው። በዝርው ትርጉም ያነበበ ሰው ስለ ኒዛሚ ቤት አመታት ሊከራከር አይችልም፤ ስለ ምስሎች፣ ስለ ታሪኩ ቅደም ተከተል፣ ማን ስለ ምን ተናገረ ስለሚለው ግን ይችላል። በተቀነሰ ትርጉም ላይ ተመርኩዞ «ኒዛሚ ይህን አልጠቀሰም» ማለት ደግሞ አደገኛ ነው፤ የተወው ኒዛሚ ሳይሆን ተርጓሚው ሊሆን ይችላልና። የትኛው ትርጉም እንደ ተነበበ በመጣጥፉ መጀመሪያ አካባቢ በግልጽ መጻፍ አለበት። ሁለት ትርጉሞችን በአንድ አስፈላጊ ስፍራ ላይ አስተያይቶ ማቅረብም፣ ዋናውን ቋንቋ ለማያውቅ ተማሪ ጥሩ መውጫ ነው።

ሰምና ወርቅ እንዳያሳስት

በኒዛሚና ከእርሱ በኋላ በመጡት ሥራዎች ላይ አንድ የታወቀ ንባብ አለ፤ ለይላ ሴት ብቻ ሳትሆን የመለኮታዊ ውበት ምሳሌ ናት፣ እብደቱም የነፍስ ጉዞ ነው የሚል። በቅኔ ባህል ላደገ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ሰሙን ገልጦ ወርቁን ማውጣት የለመደው ነው። አደጋውም ከዚሁ ይመነጫል፤ ወርቁ በሁሉም ቦታ በእኩል መጠን ያለ ይመስላል። በፉዙሊ ዘንድ ይህ ንባብ ጠንካራ መሠረት አለው፤ በመጨረሻ ለይላ ራሷ ስትመጣለት መጅኑን የምትታየውን ለይላ እንደማይሻ፣ የሚወዳት በውስጡ እንዳለች ይናገራል። በ«አጋኒ» ውስጥ ግን ይህን የሚደግፍ ነገር ማግኘት ያስቸግራል፤ በሸውቂም ዘንድ ነገሩ የሰው ልጆችና የደንብ ጉዳይ ነው። በኒዛሚ ላይ ሊቃውንቱ ይከራከራሉ፤ ስለዚህ ተማሪው የሱፊውን ንባብ እንደ ተረጋገጠ ነገር ሳይሆን ከግጥሙ በሚወጣ ማስረጃ የሚመዘን አንድ ንባብ አድርጎ ማቅረብ ይገባዋል።

ይህ ለተያዘው መከራከሪያ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ለይላ ምሳሌ ብቻ ከሆነች ማን ወሰነላት ብሎ መጠየቅ ትርጉም ያጣል። ጥያቄውን የያዘ ጸሐፊ ከዚህ ጋር ሳይጋፈጥ ማለፍ አይችልም፤ ቦታውም ከመደምደሚያው በፊት ነው።

መደምደሚያው መግቢያውን በሌላ ቃል መድገም የለበትም። በመግቢያው ላይ ያልነበረ፣ ነገር ግን ከክርክሩ የተወለደ አንድ እርምጃ ቢጨምር ይበቃዋል። በተያዘው ምሳሌ ያ እርምጃ ሩቅ አይደለም። ግብፃዊው ሳላህ አብዱልሰቡር «ለይላና መጅኑን» በተባለው ተውኔቱ ከ1952ቱ አብዮት በፊት በካይሮ በአንድ ጋዜጣ ቢሮ የሚሠሩ ወጣቶችን ያሳያል፤ እነርሱም የሸውቂን ተውኔት ለመድረክ ሲለማመዱ ይታያሉ። በዚያ ሥራ የቀድሞው ጽሑፍ በገጸ ባሕርያቱ እጅ የተያዘ ወረቀት ሆኗል፤ አንዲት ዘመናዊት የካይሮ ሴትም ቀደም ሲል የተጻፈላትን የለይላን ቃል በራሷ አፍ ታሰማለች። «በለይላ አፍ የሚናገረው ማን ነው?» ብሎ የጀመረ መጣጥፍ እዚህ ደርሶ ቢቆም ጥያቄውን ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ትቶታል።

የመግቢያው አንቀጽ የሚጻፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ብዙ ተማሪዎች መጀመሪያ ይጽፉትና በእርሱ ታስረው ይቀራሉ፤ ክርክሩ በሦስተኛው ገጽ ላይ አቅጣጫውን ሲቀይር መግቢያው በቀድሞው ቦታ ቆሞ ይታያል። የመጀመሪያው ረቂቅ ሲያልቅ መግቢያው ተሰርዞ፣ መጣጥፉ በእርግጥ ያረጋገጠው ነገር በአራት ወይም በአምስት ዓረፍተ ነገር እንደ አዲስ ይጻፋል፤ ሥራዎቹ፣ ደራሲዎቻቸው፣ የተጻፉባቸው ዓመታትና የተነበቡባቸው ትርጉሞችም በዚያው ይጠቀሳሉ።